ሲጋራ ሳላጨስ ሲኦፒዲ ያዘኝ፦ የአንዲት እንጀራ ጋጋሪ ተሞክሮ ከጅማ

ይህን የምጽፈው ከሁሉ በፊት እንጨት እያነደዱ እንጀራ ሲጋግሩ፣ ጠላ ሲጠምቁና አረቄ ሲያወጡ ለኖሩ ሴቶች ነው። ቀጥሎ ደግሞ እናታቸው «አረጀሁ መሰለኝ፣ ዳገት አቃተኝ» ስትል ሰምተው ላለፉ ልጆች። የያዘኝ ሕመም ሲኦፒዲ ይባላል። የሳንባ አየር ቧንቧዎች ቀስ በቀስ እየጠበቡ ሄደው ተመልሰው እንደ ድሮው የማይሰፉበት ሥር የሰደደ በሽታ ነው። ሲጋራ አፌ ገብቶ አያውቅም፤ በቤታችንም የሚያጨስ አልነበረም።

ጅማ ተወልጄ ጅማ ነው ያረጀሁት። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጎን እሳት አራግብ ነበር፤ ትዳር ከያዝኩ በኋላ ለቤቴም ለምግብ ቤቶችም እንጀራ እየጋገርኩ ልጆች አሳደግሁ። የጅማን ክረምት የኖረበት ያውቀዋል። ዝናቡ መጣሁ ካለ እንጨት አይደርቅም፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ደግሞ ከመንደዱ መጨሱ ይበልጣል። ማዕድ ቤቱ ዝናብ እንዳይገባበት ተብሎ ድፍን ነው። ግድግዳው በጥላሸት ጠቁሮ ያብለጨልጭ ነበር። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ይታያል፤ ወደ ደረቴ የገባውን ግን ማን አየው?

ሳሉ መቼ እንደጀመረኝ ለሐኪም በትክክል መናገር አልቻልኩም። ጠዋት ጠዋት ነጭ አክታ ያለው ሳል ነው፤ ተነስቼ ትንሽ ስንቀሳቀስ ይተወኛል። ይህን የማይል ጋጋሪ አላውቅም። ሐኪሞች ግን መለኪያ አላቸው፤ አክታ ያለው ሳል በዓመት ቢያንስ 3 ወር፣ ይኸውም 2 ዓመት በተከታታይ ከመጣ ሥር የሰደደ ብሮንካይትስ ይሉታል። ትንፋሹ ማጠር የጀመረው ኋላ ነው። ከጅማው መርካቶ ዕቃ ገዝተን ስንመለስ ወሬውን የምመራው እኔ ነበርኩ፤ ወሬውን ለጎረቤቶቼ ትቼ በየመብራት ምሰሶው ሥር መቆም ያዝኩ። ወደ ጅሬን የሚያወጣውን ዳገት ያለ ባጃጅ እርም አልኩ። ማታ ስተኛ ደረቴ ሲር ሲር ይላል።

ምክር እንደሆነ አይጠፋም። ጤና አዳሙ፣ ዝንጅብሉ በማር፣ ዳማከሴው ሁሉ ተሞከረ፤ እነሱስ ከመምረራቸው በቀር ምንም አላደረጉኝም። የሚጎዳው «ብርድ ነው፣ ታጠኚ» የሚለው ነው። ጭስ ያሳመመውን ሳንባ በጋቢ ተከናንቦ ሌላ ጭስ ማጠጣት! እባካችሁ ይህን የሚመክሯችሁን አመስግናችሁ እለፏቸው።

ጤና ጣቢያ ስሄድ መጀመሪያ የተፈለገው ቲቢ ነው። ትክክል ነው፤ በአገራችን ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ያለው ሰው አክታውን መስጠት አለበት። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የአክታ ምርመራ ከቲቢ ነጻ ነሽ አለኝ። ራጅም ተነሳሁ፤ ሳንባዬ ከመጠን በላይ በአየር ተነፍቷል ከማለት በቀር ቁስል አላሳየም። ከዚያ አንድ ክሊኒክ አስም ነው ብሎ ሳልቡታሞል የሚባለውን የአየር ቧንቧ የሚከፍት ክኒን ጻፈልኝ። ክኒኑ ልቤን ያዘልለዋል፣ እጄን ያንቀጠቅጠዋል፤ ሊጡን ምጣዱ ላይ እኩል ማዞር እስኪያቅተኝ ድረስ። ትንፋሼ ግን ያው።

አስም አብዛኛውን ጊዜ ከልጅነት ወይም ከወጣትነት ይጀምራል፤ ይነሳል፣ ይተዋል፣ በመካከሉ ሰውየው ደህና ነው። ሲኦፒዲ ብዙውን ጊዜ ከ40 ዓመት በኋላ ነው የሚታየው፤ ጨርሶ አይተውም፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። ሁለቱም ያለባቸው ሰዎችም አሉ። ከሐኪሞች የተረዳሁት ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ራጅ ቲቢን፣ የልብ ድካምንና ዕጢን ለመፈለግ ይጠቅማል እንጂ ሲኦፒዲን አያረጋግጥም፤ በጆሮ ማዳመጥም ብቻውን አይበቃም። የሚያረጋግጠው መሣሪያ ውስጥ መንፋት ነው። ስፓይሮሜትሪ ይባላል። ቲቢው ነጻ ከወጣ፣ ሳሉና ትንፋሹ ግን ካልተዉ፣ ሦስተኛ ሽሮፕ ከመግዛታችሁ በፊት «የመንፋት ምርመራው ይታዘዝልኝ» በሉ። ጠይቆ ያፈረ የለም።

እኔ ሪፈር ተጽፎልኝ ትልቁ ሆስፒታል ደረት ክፍል ደረስኩ። ምርመራው መርፌ የለው፣ ሕመም የለው፤ ድካም ግን አለው። በቅርቡ የዓይን፣ የደረት ወይም የሆድ ኦፕራሲዮን አድርገሽ ታውቂያለሽ ወይ፣ ልብሽን አሞሽ ታውቂያለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ያለበት ሰው መደበቅ የለበትም። አፍንጫዬን በመቆንጠጫ ዘጉት። ቱቦውን በከንፈሬ አጥብቄ ይዤ፣ ደረቴ እስኪሞላ አየር ስቤ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ በኃይል ማስወጣትና ባዶ እስክሆን አለማቋረጥ ነው፤ ቢያንስ 6 ሰከንድ። ባለሙያው ወጣት ልጅ ነው። «በርቺ እማዬ! ግፊ! ግፊ! አትተይው! አሁንም ግፊ!» እያለ ሲጮህ፣ በረንዳ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ማዋለጃ ክፍል መስሏቸው ነበር። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ቢያንስ 3 ጥሩ ትንፋሽ ይፈልጋሉ። ከዚያ ሳልቡታሞልን በፓፍ፣ ማለትም ተጭነው በአፍ በሚስቡት መድኃኒት፣ 4 ጊዜ አስወሰዱኝና 15 ደቂቃ አስቀምጠው እንደገና አስነፉኝ። ወሳኙ ይህ የኋለኛው ነው፤ መድኃኒት ከገባም በኋላ ቧንቧው ካልተከፈተ ነው ሲኦፒዲ የሚባለው።

ወረቀቱ ላይ ብዙ ቁጥር አለ፤ ሁለቱን ብታውቁ ይበቃል። አንደኛው በመጀመሪያዋ 1 ሰከንድ ያወጣችሁት አየር በጠቅላላ ካወጣችሁት ጋር ሲነጻጸር ስንት እንደሆነ ነው። ከ0.70 በታች ከሆነ መተላለፊያው ጠቧል። የእኔ 0.58 ነው። ሁለተኛው በዚያች 1 ሰከንድ ያወጣችሁት በዕድሜና በቁመት ከሚመስላችሁ ጤነኛ ሰው ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ 80 እና ከዚያ በላይ ቀላል፣ ከ50 እስከ 79 መካከለኛ፣ ከ30 እስከ 49 ከባድ፣ ከ30 በታች በጣም ከባድ። እኔ 54 ላይ ነኝ። ወረቀቱን ሐኪም ቤት ትታችሁ አትምጡ።

ሐኪሙ «ሲጋራ ያጨሱ ነበር?» ሲለኝ «ኧረ ዶክተር፣ ምን በወጣኝ!» አልኩት። ሳቅ አለና «ታዲያ በምንድን ነው የሚያበስሉት?» አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህችን የጠየቀኝ የጤና ባለሙያ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ካለው ሲኦፒዲ ማጨስ የሚያመጣው ከ30 እስከ 40 በመቶውን ነው ይላል፤ የቤት ውስጥ ጭስ ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። በሀብታሞቹ አገሮች ግን ከ70 በመቶ በላዩ ከሲጋራ ነው። ድርጅቱ እንደሚለው በሽታው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 3.5 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። በልጅነት ደጋግሞ የሳንባ ምች የያዘው፣ ቲቢ ታሞ የዳነ፣ በአቧራ ውስጥ የሚሠራም ይያዛል። በእኛ ከተማ ቡና መቀሸሪያ የሚውሉትና በርጩማና ወንበር የሚሠሩት አናጺዎች አፍና አፍንጫቸውን ሳይሸፍኑ ሳይ አሁን አላስችል ይለኛል፤ እናገራለሁ፣ ይስቁብኛል።

«ይድናል?» አልኩት። የጠበበው አይሰፋም፤ ከዚህ በላይ እንዳይፈጥን ግን ማድረግ ይቻላል አለኝ። መድኃኒቱ ያግዛል፤ ጭሱ ካልቆመ ግን የሚደረገው ሁሉ ግማሽ ነው አለ። ቀላል ነገር የተናገረ መስሎት! የቤቱ ገቢ እኮ ምጣዱ ነው።

ኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛን። ይህን ያህል የሚቀል ቢሆን ሁሉም ያደርገው ነበር። ምጣዱ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ በቀጭን ሽቦ ላይ ከተሰካ የሚቃጠለው ፊውዙ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ቤቱም አለ። ኤሌክትሪሻን አስመጥተን ከቆጣሪው ለብቻው ወፍራም ሽቦና የራሱ ማጥፊያ አስገባን። በጋራ ቆጣሪ የምትከራዩ ከምጣዱ በፊት ከአከራያችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ጠቡ የሚነሳው ቢል ሲመጣ ነው። መብራቱ ምሽት ላይ ስለሚደክም የምጋግረው ንጋት ላይ ነው። በሚጠፋበት ቀን ደግሞ ምርጥ ምድጃው አለ። ከሲሚንቶ የሚሠራው ዙሪያው የተዘጋው ምድጃ ማለቴ ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ እንጨቱን በግማሽ ገደማ ይቆጥባል። ጭሱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ ሻጩ ጭስ የለውም ቢላችሁ አትመኑት። እሱንም ከማዕድ ቤቱ አውጥተን ደጅ ቆርቆሮ ከላይ ብቻ በተጣለበት ቦታ አስቀመጥነው። እንጨቱን በበጋ ገዝተን፣ ፈልጠን፣ ከመሬት ከፍ አድርገን ደርድረን እናደርቀዋለን። ማዕድ ቤቱ ከበሩ ትይዩ መስኮት ወጣለት፤ ባለቤቴ ግድግዳውን ሲያፈርስ ጎረቤት ተሰብስቦ «ሙቀቱን ልታስወጡት ነው» ብሎ አዘነልን።

ከሰል ጭስ የለውምና ደህና ነው የምትሉ አላችሁ። ከሰል የማይታየውንና የማይሸተውን መርዛም ጋዝ ያወጣል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው እንቅልፍ እንደወሰደው ይገድላል። ሳንባችሁ ታሞም ሳይታመምም ከሰል የሚነደው ክፍት ቦታ ላይ ነው።

ከምጣዱ ይልቅ የከበደኝ ግን ቡናው ነው። ጅማ ላይ ቡና ተጠርቶ አለመሄድ ማለት ተጣልተናል ማለት ነው። ስትሄጂ ደግሞ ከሰሉ መካከል ላይ፣ እጣኑ ጥግ ላይ፣ ቡናው ሲቆላ ጭሱ ይሞላል፤ ይህ አንሶ ባለቤቲቱ ብረት ምጣዱን ይዛ እየዞረች «አሽቱ» ትላለች። እምቢ ማለት ነውር ነው። መጀመሪያ ሰሞን በሰበብ ቀረሁ፤ ያኔ ነው ወሬው የመጣው፣ «ኮርታለች» ተባለ። ኋላ ሁሉንም ቤቴ ጠርቼ ቁጭ አድርጌ ነገርኳቸው። ፓፉን አሳየኋቸው፣ የሳንባዬን 54 በመቶ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ቡናው ግቢ ውስጥ ነው የሚቆላው፤ እኔ ነፋሱ በሚመጣበት ወገን እቀመጣለሁ፣ እጣን እኔ ስሄድ አይጨስም። አንዷ ጎረቤቴ ብቻ «ያለ እጣን ቡና ቡና አይሆንም» ብላ አጥብቃ ያዘች፤ እሷ ቤት የምደርሰው ለበረካው ነው፣ ጭሱ ካለፈ በኋላ። ቤተ ክርስቲያንም ቅዳሴውን ደጅ ዛፍ ሥር ሆኜ አስቀድሳለሁ። ቤተ ዘመድና ጎረቤት ካልተነገረው ማንም ይህን በሽታ ብቻውን አይችለውም፤ የማይታይ ሕመም ስለሆነ ስንፍና ይመስላቸዋል።

ወደ ፓፉ ልምጣ። ሁለት ዓይነት አለኝ። አንደኛው ሲያጥረኝ የምወስደው ሳልቡታሞል ነው፤ ቶሎ ይሠራል፣ ቶሎም ያልቃል። ሌላው በሽታው ባይሰማኝም ጠዋትና ማታ የማልለየው ረጅም ጊዜ የሚሠራው ነው። ሁለተኛው ሁልጊዜ በገበያ ላይ አይገኝም፣ ዋጋውም አይቀመስም፤ ሳልቡታሞሉን በጤና መድን ደብተሬ አገኘዋለሁ። ሳይገኝ ሲቀር በራሳችሁ ወደ ሌላ አትቀይሩ፤ ሐኪሙን በምን ልተካው በሉት። ለደም ግፊት ወይም ለልብ መድኃኒት የሚጽፍላችሁ ሌላ ሐኪም ካለም ሳንባችሁን ንገሩት፤ ፕሮፕራኖሎልን የመሰለ ክኒን ትንፋሽን ሊያጠብብ ይችላል።

ፓፍ አፍ ውስጥ ጭስ ብሎ ከወጣ የተወሰደ አይደለም። ሲስተሯ በዓይኗ እያየች ያስወሰደችኝ እንዲህ ነው። መነቅነቅ፤ መጀመሪያ አየሩን ከደረት ማስወጣት፤ አፍን አጥብቆ መግጠም፤ አንድ ጊዜ ተጭኖ እኩል በዝግታ ወደ ውስጥ መሳብ፤ ከዚያ እስከ 10 እየቆጠሩ መያዝ። ሁለተኛውን ለመድገም ግማሽ ደቂቃ ያህል መቆየት። መጫኑና መሳቡ አልገጥም ካላችሁ በፓፉና በአፋችሁ መካከል የሚገባ ስፔሰር የሚባል ዕቃ አለ፤ ካልተገኘ ከግማሽ ሊትር ሃይላንድ መሥራት ይቻላል። ቂጡ ላይ የፓፉ አፍ ልክ የሚገባበት ቀዳዳ ይበጃል፣ ዙሪያው አየር እንዳያስገባ ይታሸጋል፣ እናንተ በጠርሙሱ አፍ በኩል ትስባላችሁ። ሠርታችሁ ስታበቁ ለነርሷ አሳይዋት። ስቴሮይድ (የቧንቧውን እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) ያለበትን ፓፍ ስትወስዱ አፋችሁን ተጉመጥምጣችሁ ትፉ፤ አለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ነገር ያወጣል። አንድ የሳልቡታሞል ፓፍ አብዛኛውን ጊዜ 200 ጊዜ ነው የሚነፋው። እየነቀነቁ «አለበት» ማለት አያዋጣም፤ መድኃኒቱ አልቆ የሚገፋው ጋዝ ብቻ ሊቀር ይችላል፤ ቆጣሪ ከሌለው የጀመራችሁበትን ቀን ጻፉበት።

ትንፋሽ ሲያጥር ሰው ፈጥኖ ፈጥኖ ይስባል፤ ችግሩ ግን አየሩ አለመውጣቱ ነው። በአፍንጫ ሁለት እስክትቆጥሩ ሳቡ፤ ከዚያ ትኩስ ቡና እንደምናበርድ ከንፈርን ሰብሰብ አድርጎ አራት እስክትቆጥሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት ነው። ዳገት ላይ፣ ባልዲ ሲነሳ፣ ጫማ ሲታሰር እጠቀምበታለሁ። ሥራን ቁጭ ብሎ መሥራትም ነውር አይደለም፤ ሽንኩርት የምከትፈው በርጩማ ላይ ነው።

መራመድ ግን አላቆምኩም። ብዙዎች «ልብሽ እንዳይደክም ተኚ» ይላሉ፤ ጡንቻ ሲሰንፍ ለዚያው ሥራ ብዙ አየር ይጠይቃል፣ ሰው በተኛ ቁጥር ትንፋሹ ይብስበታል። ጠዋት ጠዋት ሜዳ ሜዳውን፣ አዌቱን ተከትዬ እሄዳለሁ። ማውራት እያቃተኝ ከሆነ ፍጥነቴ በዝቷል፤ እቀንሳለሁ፣ አልተወውም። ምግብ ደግሞ በአንዴ አይሞላም፤ ሆድ ሲነፋ ሳንባ ቦታ ያጣል። ትንሽ ትንሽ፣ ደጋግሞ። እየከሱ መሄድ በዚህ በሽታ ጥሩ ምልክት አይደለም፤ ክብደታችሁ ከቀነሰ ተናገሩ።

በሽታው የሚነሳበት ጊዜ አለ፤ በእኔ ላይ ብዙውን ጊዜ ጉንፋን ይዞት ይመጣል። ትንፋሹ ከወትሮው ሲያጥር፣ አክታው ሲበዛ፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሲለወጥ በዚያው ቀን እሄዳለሁ። ሐኪሙ ለ5 ቀን ያህል ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ ክኒን፣ አክታው ከተለወጠ ደግሞ አንቲባዮቲክ ይጽፋል። ፕሬድኒሶሎን በደንብ ስለሚያሽል ሰው ይወደዋል፤ ከፋርማሲ እየገዙ ወር ከወር መዋጥ ግን ስኳር ያመጣል፣ ፊት ያሳብጣል፣ አጥንት ይበላል። ከንፈር ወይም ጥፍር ከጠቆረ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካልተቻለ፣ ሰውየው ካንቀላፋ ወይም ከዘባረቀ ጠዋት አይጠበቅም። እግር ማበጥም ዝም የሚባል አይደለም፤ ሳንባው ልብን እያደከመ ሊሆን ይችላል።

ስለ ኦክስጅን የማያውቁ ቤተሰቦች ሲሊንደር ላይ ያለውን ሁሉ ክፈቱላት ብለው ይጮሃሉ። ለእኛ ሲበዛም ጉዳት አለው፤ ጣት ላይ የሚደረገው የደም ኦክስጅን መለኪያ ከ88 እስከ 92 በመቶ ውስጥ እንዲሆን ነው ሐኪሞቹ የሚፈልጉት። ቤት ውስጥ በየቀኑ ኦክስጅን የሚታዘዘው አርፎ በተቀመጠበት 88 ወይም ከዚያ በታች ለሚሆን ሰው ነው፤ ለሱም በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት። እኔ እዚያ አልደረስኩም።

የስፓይሮሜትሪ ወረቀቴ፣ የመድኃኒቶቼ ስም፣ የማይስማማኝ ነገርና «ኦክስጅን ከ88 እስከ 92» የምትለው መስመር ፎቶ ተነስተው በልጆቼ ስልክ ሁሉ ላይ አሉ። ባለፈው ክረምት ሌሊት ሲብስብኝ ልጄ ባጃጅ ጠርቶ ድንገተኛ ክፍል ሲያደርሰኝ እኔ መናገር አልችልም ነበር፤ ስልኩን ነው ለተረኛዋ ያሳያት።